መርፌው ያለበትን እጅ ይወቀው

ቤት ውስጥ የስፌት መኪና ያለው ሰው ስለ ሥራ ቦታው ሲያስብ መጀመሪያ የሚመኘው ቁም ሳጥን ነው። ክሩ፣ ጨርቁ፣ ዚፑና ቁልፉ ከዓይን ተሰውሮ የሚከተትበት፣ በር ያለው፣ ቢቻል ብዙ መሳቢያ ያለው ቁም ሳጥን። ምኞቱ አይነቀፍም፤ ሳሎን መሐል ተበትኖ የሚውል ቁርጥራጭ ጨርቅ ማንንም ያታክታል። ነገር ግን ቁም ሳጥኑ ተገዝቶ፣ ዕቃው ሁሉ በየዓይነቱ ተደርድሮ፣ ከወር በኋላ ቤቱ ተመልሶ እንደነበረው ሲበታተን ጥፋቱ የሰፊዋ ስንፍና ተደርጎ ይቆጠራል። እኔ ግን ጥፋቱ የአደረጃጀቱ ነው እላለሁ። ስፌት ተራ ያለው ሥራ ነው። ጨርቁ ይታጠባል፣ ይተኮሳል፣ ይለካል፣ ይቀደዳል፣ በስፒል ይያያዛል፣ ይሰፋል፣ የተሰፋው እንደገና ይተኮሳል፣ ጫፉ ይታጠፋል፣ ቁልፉ ይተከላል። ዕቃው ይህን ተራ ካልተከተለ የቱንም ያህል ቢያምር ሥራው ራሱ በየቀኑ ያፈርሰዋል። ስለዚህ የስፌት ዕቃ ቦታ ሲሰጠው የሚጠየቀው «ምን ዓይነት ዕቃ ነው?» ተብሎ ሳይሆን «እጅ የሚፈልገው መቼና የት ነው?» ተብሎ መሆን አለበት።

መቀስን እንውሰድ። በዓይነት የሚደረድር ሰው መቀሶቹን ሁሉ አንድ መሳቢያ ውስጥ ይከታል። ትልቁ የጨርቅ መቀስ ግን የሚፈለገው ጨርቅ በሚቀደድበት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ትንሿ የክር መቁረጫ የመኪናው ጎን ናት ቦታዋ፤ የወረቀት መቀስ ደግሞ ከፓተርኑ ጋር ነው መኖር ያለበት። ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ምን እንደሚሆን የታወቀ ነው፤ የቸኮለ እጅ የጨርቁን መቀስ አንስቶ ወረቀት ይቆርጥበታል። ወረቀት ሲሠራ የኖራና የሸክላ ዱቄት ስለሚገባበት ስለቱን ቶሎ ይበላዋል፤ የዶለዶመ መቀስ ደግሞ ጨርቅ ያኝካል እንጂ አይቆርጥም። ስፒልም እንዲሁ ነው። የሚሰካው መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ፣ የሚነቀለው መኪናው ላይ ነው። አንድ የስፒል ጣሳ ብቻ ባለበት ቤት ስፒሉ ሁሉ እየተነቀለ መኪናው ዙሪያ ይከማችና መቁረጫው ጠረጴዛ ባዶውን ይቀራል፤ በመሐል ወለል ላይ የሚወድቀውን የሚያገኘው ባዶ እግር ነው። መፍትሔው ሁለት ጣሳ ነው፤ አንዱ ሲሞላ ሌላው ሲጎድል ቦታ መቀያየር። ሜትርም ቢሆን ሁለት መሆኑ አይጎዳም። ዋጋው ትንሽ የሆነ፣ ሁለት ቦታ የሚፈለግ ዕቃ ሁለት ይሁን፤ ዋጋው ትልቅ የሆነው ብቻ አንድ ሆኖ አንድ የተቆረጠ ቦታ ይኑረው።

ይህ አስተሳሰብ ከሰማይ የወረደ አይደለም፤ የተለካ ታሪክ አለው። አሜሪካዊቷ መሐንዲስና የሥነ ልቦና ባለሙያ ሊሊያን ጊልብሬዝ ከባለቤቷ ከፍራንክ ጋር የፋብሪካ ሠራተኞችን የእጅና የእግር እንቅስቃሴ በፊልም እየቀረጸች ስታጠና የኖረች ሴት ነበረች። በ1920ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ያንኑ ዕውቀት ወደ ማድ ቤት አመጣችው። አንድ ዓይነት የእንጆሪ ኬክ በተለመደው ማድ ቤትና እሷ ዕቃውን በሥራው ተራ ባስቀመጠችበት ማድ ቤት ሲጋገር፣ ጋጋሪዋ የምትራመደው እርምጃ ከ281 ወደ 45 ወረደ። የኬኩ አሠራር ያው ነበር፤ የጋጋሪዋ ፍጥነትም አልጨመረም። የተለወጠው የዕቃው መቀመጫ ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ደግሞ ይህን ለማመን የውጭ ጥናት የሚያስፈልገው ሰው ያለ አይመስለኝም። ቡና የምታፈላ ሴት ረከቦቱን፣ ጀበናውን፣ ምድጃውን፣ ስኳሩንና ዕጣኑን በክንዷ ርቀት ዙሪያዋን ደርድራ ትቀመጣለች፤ ከተቀመጠች በኋላ እስከ በረካ ድረስ መነሳት አይጠበቅባትም። የስፌት ጥግም የሚጠይቀው ያንኑ ጥበብ ነው።

የአገራችን ፋብሪካዎች ይህን ትምህርት በካይዘን ስም ያውቁታል። የኢትዮጵያ ካይዘን ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2011 ከተቋቋመ ወዲህ በብዙ የሥራ ቦታ ግድግዳ ላይ የተለጠፉት አምስቱ «ማ»ዎች ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድና ማዝለቅ ናቸው። ብዙ ሰው መፈክሩን አንብቦት አልፏል፤ ቁም ነገሩ ግን በተራው ላይ ነው። ማጣራት ከማስቀመጥ ይቀድማል። ቤት ውስጥ የሚሠራው ግን ብዙ ጊዜ ተገላቢጦሹ ነው፤ መጀመሪያ ሳጥን ይገዛል፣ ከዚያ መጣል የነበረበት ሁሉ በክብር ይከተትበታል። የቆየ ክር ሁለቱን ጫፍ ይዞ በድንገት መሳብ ነው፤ ያለ ትግል ከተበጠሰ መኪና ላይም ይበጠሳል፣ ለመሸከፊያ ካልሆነ አይረባም። የጎበጠ መርፌ ጨርቅ ይስባል። ልጁ ሦስት ጊዜ ልኩ ከተለወጠ በኋላም ያልተጨረሰ የልጅ ሱሪ ወይ ለታናሹ ይስተካከል ወይ ይፈታ። ማጣራት የሚያስቆጭ ይመስላል፤ ነገር ግን የማይሠራበት ዕቃ ቦታ በያዘ ቁጥር የሚሠራበት ዕቃ ወለል ላይ ያድራል።

ከዚህ በኋላ ስለ ቦታ ማውራት ይቻላል። የስፌት ሥራ ሦስት ማረፊያ አለው፦ መቁረጫ፣ መኪናና ካውያ። መቁረጫው ሰፊና ከፍ ያለ ገበታ ይፈልጋል። ብዙ ቤት ጨርቅ የሚቀደደው ወለል ላይ ተንበርክኮ ነው፤ ወገብ የሚጨርሰው ከስፌቱ ይልቅ ይህ ነው። ለቆመ ሰው የሚመቸው ገበታ ከክርኑ 10 ወይም 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ያለ፣ ለአብዛኞቹ ሴቶች ወደ 90 ሳንቲ ሜትር የሚደርስ ነው። የተለመደው የምግብ ጠረጴዛ 75 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከአራቱ እግሮቹ ሥር 15 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለው፣ እግሩ እንዳይንሸራተት መሐሉ ጎድጎድ ያለ ጉማጅ ቢገባበት መቁረጫ ይሆናል። መኪናው በተቃራኒው ዝቅ ያለ ጠረጴዛ ይፈልጋል፤ ትከሻ ተነሥቶ የሚሰፋ ሰው ማታ አንገቱን ይዞ ነው የሚያድረው። ሌላው የማይታሰብበት ነገር ጨርቁ የሚያርፍበት ጎን ነው። የመኪናው አካል በመርፌው ቀኝ ስለሆነ የጨርቁ ብዛት የሚከማቸው በግራና በኋላ ነው። ግራው ግድግዳ የሆነበት መኪና ጋቢም ሆነ መጋረጃ ሲሰፋበት ጨርቁ ይጨናነቃል፤ ኋላው ክፍት ከሆነ ደግሞ ጨርቁ ቁልቁል ወርዶ በክብደቱ ይስባል፣ ስፌቱም ይጣመማል። ስለዚህ መኪናው በኋላው ግድግዳ ተጠግቶ በግራው ነፃ ገበታ ቢኖረው ይመረጣል። ዕቃ መደርደር ያማረው ሰው በቀኝ በኩል ይደርድር።

ሦስተኛው ማረፊያ፣ ካውያው፣ ብዙውን ጊዜ ሌላ ክፍል ውስጥ ነው፤ ይህ ይመስለኛል የቤት ስፌትን ከባለሙያ ስፌት የሚለየው። ባለሙያ እያንዳንዱን ስፌት ከመስቀለኛው ስፌት ጋር ከመገናኘቱ በፊት ይተኩሳል፤ የቤት ሰፊ ካውያው ሩቅ ስለሆነ «መጨረሻ ላይ አንዴ እተኩሰዋለሁ» ይላል። መጨረሻ ላይ የሚተኮስ ቀሚስ የውስጥ ስፌቱ ታጥፎ ደርቋልና አይቃናም። ሰፊ የካውያ ጠረጴዛ የግድ አይደለም፤ በአሮጌ ብርድ ልብስና በአቡጀዲ የተለበጠ የክንድ ርዝመት ያለው ሳንቃ መኪናው አጠገብ በርጩማ ላይ ቢቀመጥ ይበቃል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያሻል። 2200 ዋት የሚፈጅ ካውያ በ220 ቮልት መስመር ላይ 10 አምፔር ይስባል፤ ርካሽ ማራዘሚያ ገመድ ደግሞ ሽቦው ቀጭን ስለሆነ ይህን ሲሸከም ይሞቃል። መኪናውና መብራቱ ማራዘሚያውን ይጠቀሙ፣ ካውያው ግን በቀጥታ ከግድግዳ ሶኬት ይሰካ። የከሰል ካውያ የሚጠቀም ቤት ደግሞ በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይተኩስ፤ የከሰል ጭስ ባይታይም ይገድላል።

መብራት ከሁሉም በላይ ችላ የሚባለው ነገር ነው። በአውሮፓ የሥራ ቦታ መብራት መመዘኛ ለተራ የቢሮ ሥራ 500 ሉክስ ሲጠየቅ ለስፌት 750፣ የጨርቅ ቀለም ለመመርመር 1000 ሉክስ ነው የሚጠየቀው። አንድ የጣሪያ አምፖል ያለው የእኛ ሳሎን ወደዚህ አይጠጋም። ከዚህ የሚከተለው ግን ትልቅ አምፖል መግዛት አይደለም። ከአንድ ነጥብ የሚወጣ ብርሃን ርቀቱ በእጥፍ ሲጨምር ኃይሉ ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ስለዚህ መርፌው አጠገብ በ40 ሳንቲ ሜትር ርቀት የተቀመጠች ትንሽ መብራት ጣሪያ ላይ ካለው ትልቅ አምፖል ትበልጣለች። ጣሪያው ላይ ያለው መብራት ሌላም ጉድለት አለው፤ ከሰፊዋ በስተኋላ ከሆነ የራሷ ጥላ ሥራዋ ላይ ያርፋል። ቀኝ እጇን የምትጠቀም ሰው መብራቱን በግራ ታድርግ። ዕድሜም ይቆጠር፤ የ60 ዓመት ሰው ዓይን ውስጥ ለዕይታ የሚደርሰው ብርሃን የ20 ዓመት ወጣት ከሚያገኘው ሲሶ ያህል ነው። እናት «መርፌ ቀዳዳው ጠፋኝ» ስትል መነጽር ከመፈለግ በፊት መብራት ማቅረብ ይቀድማል። በእግር የሚረገጥ መኪና ያላቸው ሰዎች እዚህ ላይ ዕድለኞች ናቸው። ሶኬት ስለማይፈልግ በቀጥታ መስኮት ሥር ይቀመጣል፤ መብራት ሲጠፋም ሥራ አይቆምም። ከዚህ በተረፈ ቀኑን መከፋፈል ነው፤ ቀለም ማዛመድ፣ ጥቁር ጨርቅ መፍታትና ጥለት ማስተካከል በቀን ብርሃን፣ ረጅምና ቀጥ ያለ ስፌት በማታ።

ጨርቅ አቀማመጥ ላይ የምሰጠው ምክር አንድ ትልቅ መስመር አለው፦ የታጠበውና ያልታጠበው አይቀላቀል። አዲስ የጥጥ ጨርቅ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ አቡጀዲ በተለይ። ሳይታጠብ ተሰፍቶ ለገበር የገባ አቡጀዲ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ሽፋኑን አኮማትሮ ልብሱን ያበላሻል። ስለዚህ ጨርቅ ከገበያ ሲገባ ቦታው ከሚታጠቡ ልብሶች ጋር እንጂ መደርደሪያ አይደለም፤ ታጥቦና ተተኩሶ ሲገባ ርዝመቱና ወርዱ በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ጠርዙ ላይ ይሰካ። ያኔ «ለቀሚስ ይበቃ ይሆን?» ብሎ መዘርጋትና መልሶ ማጠፍ አይኖርም። ሁሉም በአንድ ካርቶን ስፋት ተጣጥፎ በቁሙ ቢደረደር ደግሞ የታችኛውን ለማውጣት የላይኛውን ማፍረስ ይቀራል። ጥልፍና የወርቅ ክር ያለበት ጥለት ግን አይታጠፍ፤ በካርቶን ጥቅል ላይ፣ ጥለቱ ወደ ውጭ ሆኖ ይጠቅለል፣ በታጠበ አቡጀዲም ይሸፈን። እጥፋት ላይ የወርቅ ክር ይሰበራል፤ አንዴ ከተሰበረ አይመለስም።

ክረምት ሲመጣ ሌላ ችግር ይከተላል። ከሰኔ እስከ መስከረም እርጥበቱ ሲበዛ በደንብ ያልደረቀ ጨርቅ በፌስታል ታስሮ ከተቀመጠ ይሻግታል፤ ላስቲኩ እርጥበት ከማስገባት ይልቅ ያለውን እንዳይወጣ ነው የሚይዘው። ጨርቅ በጨርቅ ከረጢት ወይም ክዳኑ አየር በሚያስገባ ካርቶን ይቀመጥ፤ ካርቶኑ ከወለልና ከውጭ ግድግዳ ይራቅ። ብል የሚበላው ሱፍና ሐር እንጂ ንጹሕ ጥጥ አይደለም፤ ላብና የምግብ ቅባት ያለበትን ግን ጥጥም ቢሆን አይምርም። ስለዚህ ዋናው መከላከያ አጥቦ ማስቀመጥ ነው። ሳጥን ውስጥ ጠጅ ሳር መጎዝጎዝ ሽታው ያምራል፣ ልማዱም መልካም ነው፤ የገባ ትልን ግን አይገድልም። ናፍታሊን ይገድላል፤ ነገር ግን ነጭ ከረሜላ ስለሚመስል ሕፃን ባለበት ቤት እኔ አልመክረውም። የሱፍ ጨርቅ በላስቲክ ተጠቅልሎ ሳምንት ያህል ጥልቅ ማቀዝቀዣ ውስጥ ቢያድር ትሉም ዕንቁላሉም ይሞታል።

ጥቃቅኑን ዕቃ በተመለከተ መርሁ ቀላል ነው፤ የሚያሳይ ዕቃ ከማያሳይ ይሻላል። የጃም ጠርሙስ ውስጥ ያለ ቁልፍ ይታያል፤ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያለው በየጊዜው ጠረጴዛ ላይ ይደፋል። ቦቢን ከክሩ ጋር በአንድ ቀጭን ሽቦ ቢታሰር ቀለም ፍለጋ ይቀራል። ስለ መርፌ ግን ጥቂት ልዘግይ፤ በቤት ውስጥ እንደ መርፌ የሚናቅና የሚያበላሽ ዕቃ የለም። መርፌ ላይ 80/12 የሚል ቁጥር ካለ 80ው ውፍረቱ 0.8 ሚሊ ሜትር ነው ማለት ነው፤ ለተራ ጥጥ ይሆናል። 100/16 ለጂንስ ነው፣ 60/8 ደግሞ ለሽፎን። ከፓኮው ወጥቶ የተቀላቀለ መርፌ ቁጥሩን በዓይን መለየት ጭንቅ ነው። ስለዚህ ያገለገለ መርፌ ወደ ፓኮው አይመለስ፤ ቁጥር በተጻፈበት የስፖንጅ ቁራጭ ላይ ይሰካ። መኪናው ላይ የትኛው መርፌ እንዳለ ለማስታወስ ደግሞ ከእግሩ ሥር የዚያኑ ዓይነት ጨርቅ ቁራጭ ትቶ መነሳት ነው፤ የጂንስ ቁራጭ ካለ መርፌው የጂንስ ነው። የልብስ ፋብሪካዎች ለተሰበረ መርፌ ጥብቅ ሕግ አላቸው፤ ስብርባሪው ሁሉ ተፈልጎ ካልተሰበሰበ አዲስ መርፌ አይሰጥም። ሕፃን የሚድህበት ቤት ከፋብሪካ ያነሰ ጥንቃቄ ሊኖረው አይገባም። ክዳኑ የተበሳ ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ የስብርባሪ ማጠራቀሚያ ይሁን፤ ከአሮጌ ራዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት በክር ታስሮ ሥራ ሲያበቃ ወለሉ ላይ ቢጎተት ዓይን ያላየውን ያነሳል።

ቁርጥራጭ ጨርቅስ? የብዙ ስፌት ቤት ዕዳ ይሄ ነው፤ መጣል ያሳዝናል፣ ማስቀመጥ ቤት ያጣብባል። እዚህ ላይ ከአላባማዋ የጊስ ቤንድ መንደር መማር ይቻላል። የዚያች መንደር ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች ካረጀ የሥራ ልብስና ከተረፈ ቁራጭ ሲሰፉት የኖሩት ድሪቶ ብርድ ልብስ እ.ኤ.አ. በ2002 በኒው ዮርኩ የዊትኒ ሙዚየም ታይቷል፤ በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ በቴምብር አሳትሞታል። በድህነት የተጀመረ ሥራ ጥበብ ሆኖ ተሰቀለ። እኛም ድሪቶን የምናውቀው በችግር ስሙ ነው፤ ነገር ግን በመጠን የተቆረጠ ቁራጭ ጨርቅ ትራስ፣ የአልጋ ልብስ፣ የድስት መያዣ ይወጣዋል። ምስጢሩ ቁራጩን በዕለቱ መቁረጥ ነው። ሥራው ሲያልቅ የተረፈው በ10 ሳንቲ ሜትር አራት ማዕዘን ወይም በ6 ሳንቲ ሜትር ወርድ ቅዳጅ ተቆርጦ በየመጠኑ ይቀመጥ፤ ከዚያ ያነሰው ትራስ መሙያ ከረጢት ውስጥ ይግባ። በቅርጽ አልባነቱ የተከማቸ ቁራጭ በጆንያ ቢሞላም አንድ ትራስ አይሰፋም፤ ተመጥኖ የተቆረጠ ግን ራሱ ሥራ ይጠራል።

«ይህ ሁሉ ክፍል ላለው ሰው ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሳ አውቃለሁ። ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ውስጥ አልጋው፣ ሶፋውና ማድ ቤቱ ባንድ ጣሪያ ሥር ሆነው መቁረጫና መኪና የሚባል ማረፊያ ከየት ይመጣል? መልሱ ግን ተራ የሚያስፈልገው በትክክል ቦታ ሲጠብ ነው የሚል ነው። ኦስትሪያዊቷ አርኪቴክት ማርጋሬቴ ሹተ-ሊሆትስኪ እ.ኤ.አ. በ1926 የነደፈችው፣ ፍራንክፈርት ከተማ ውስጥ 10,000 ገደማ የሠራተኛ ቤቶች የገባው ማድ ቤት ወርዱ 1.9 ሜትር፣ ርዝመቱ 3.4 ሜትር ነበር። የተሳካላት ዕቃውን በሥራው ተራ ስላስቀመጠች ነው። በስቱዲዮ ቤት ማረፊያው የማይነቃነቅ መሆን የለበትም። እያንዳንዱ የተጀመረ ልብስ የራሱ ትሪ ይኑረው፤ የተቆረጠው ጨርቅ፣ የሚስማማው ክር፣ ዚፑ፣ ቁልፉና የልክ ወረቀቱ ትሪው ላይ ይዋል። ምሳ ሲደርስ ትሪው ተነሥቶ አልጋ ሥር ይገባል፣ ከምሳ በኋላ ይመለሳል። ስፌት ለመጀመር ግማሽ ሰዓት የሚፈጅባት ሴት ግማሽ ሰዓት ትርፍ ስታገኝ አትሰፋም፤ መዘርጋቱ ራሱ ጊዜዋን ይበላዋል። በትሪ የምትሠራ ግን ግማሿን ሰዓት ትሰፋባታለች። ትሪው ሦስት ከሆነ የተጀመረ ልብስም ከሦስት አይበልጥም፤ አራተኛው ሲያምር አንዱን መጨረስ ግድ ይሆናል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ያስቸግራል። «በየሱቁ በረንዳ ላይ ያሉትን ልብስ ሰፊዎች ተመልከቱ፤ ዙሪያቸው ክምር ነው፣ የፈለጉትን ግን ዓይናቸውን ጨፍነው ያነሳሉ» ይባላል። እውነት ነው፤ ግን የሚያስረዳው የኔን ነገር ነው። በረንዳ ላይ ያለው ሰፊ ክምሩ ውዥንብር የሚመስለው ለአላፊው ነው። ሜትሩ አንገቱ ላይ፣ ጠመኔው ኪሱ ውስጥ፣ መቀሱ በቀኙ፣ ካውያው በክንዱ ርቀት ነው፤ ሁሉም በሥራው ተራ ተቀምጧል፣ የጎደለው መደርደሪያ ብቻ ነው። በተጨማሪም እሱ ብቻውን፣ በየቀኑ፣ እዚያው ቦታ ነው የሚሠራው፤ የልጅ ልጁ መቀሱን ወስዶ አይቆርጥበትም፣ እንግዳ መጣ ብሎ ማንም ዕቃውን አይከትም። የቤት ሰፊ ይህ ዕድል ስለሌላት በልማድ የሚታወቀውን በምልክት ማሳወቅ አለባት። በሩ ጀርባ ላይ በተሰቀለ ሳንቃ ላይ መቀሱ፣ ሜትሩና ማስመሪያው ተሰቅለው በእርሳስ ዙሪያቸው ቢከበብ፣ የጎደለው ምን እንደሆነ ሳንቃው ይናገራል፤ የወሰደው ልጅም የት እንደሚመልስ አይጠፋውም።

«እንግዳ ሲመጣ ገመናችንን ያሳያል» የሚሉ ይኖራሉ፤ ለእነሱ መጋረጃ ይበቃል። ገንዘብ የለኝም ለሚሉትም እስካሁን የተጠቀሰው ሁሉ ጠርሙስ፣ ካርቶን፣ ሳንቃና ትሪ መሆኑን ማስታወስ ይበቃል። ለደንበኛ የምትሰፋ ሴት ግን አንድ ነገር ትጨምር፦ የልክ ደብተር። የሰው ጨርቅ ከራስ ጨርቅ ተለይቶ፣ የባለቤቱ ስም፣ ልኩና የተቀበለችበት ቀን ተጽፎበት ይቀመጥ፤ ደብተሩ ከመቁረጫው ጠረጴዛ አይለይ።

ሊለምዱት የሚገባው የመጨረሻው ነገር ማጽዳት ነው፤ ትንሽ ነው፣ ግን ተራው አለው። ከመርፌው ሥር ባለው ሳህን ውስጥ የጥጥ ብናኝ ይከማቻል፤ ዘይቱን ጠጥቶ ይጠጥርና መኪናው ክር መሳት ይጀምራል። ብናኙ በብሩሽ ተጠርጎ ከወጣ በኋላ ነው ጠብታ ዘይት የሚገባው፤ ሳይጠረግ ዘይት ማድረግ ብናኙን ማቡካት ነው። ብሩሹና የዘይቱ ብልቃጥ መኪናው መሳቢያ ውስጥ ካልሆኑ ይህን የሚያደርግ የለም።

እንግዲህ ቁም ሳጥን ለመግዛት ያሰቡ አንባቢ ለአንድ ሳምንት ይታገሱ። ሲሰፉ አጠገብዎ ወረቀትና እርሳስ ያስቀምጡ፤ ከመቀመጫዎ በተነሡ ቁጥር ያስነሳዎትን ዕቃ ስም ይጻፉ። በሳምንቱ መጨረሻ ከሁሉ ይልቅ ተደጋግሞ የተጻፈውን ዕቃ ወስደው እጅዎ ሳይዘረጋ የሚደርስበት ቦታ ያስቀምጡት፤ ከዚያ ሁለተኛውን። ቁም ሳጥኑ ከዚያ በኋላም የሚያስፈልግ ከመሰለዎት ይግዙ።